ዘይት የማይቀንስ ሮታሪ ሞተር ያሳስባል

ጅማ ውስጥ መኪና የሚያውቅ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፦ ዘይት የሚበላ ሞተር የታመመ ሞተር ነው። ወይ የፒስተን ፋሻው አልቋል፣ ወይ የቫልቮላ ጎማው ደርቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ቪትዝም ይሁን አይሱዙ፣ ባለቤቱ የዘይት መለኪያውን መዝዞ ልኩን ከወር በፊት በነበረበት ቦታ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ማዝዳ አርኤክስ-8 የያዘ ሰው ግን እንዲህ ዓይነቱ ደስታ ሊያታልለው ይችላል። የዚህ መኪና ሞተር ሮታሪ ነው፤ ዘይቱን ጥቂት በጥቂት እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ሁለትና ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ዘይቱ ንክች ካላለ፣ መድረስ ያለበት ቦታ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው።

መኪናው እዚህ ከተማ ብርቅ ነው። ከአጂፕ እስከ መርካቶ ባጃጅ እየሸሻችሁ ስትነዱ አንድም ላታዩ ትችላላችሁ። ሆኖም አዲስ አበባ ሄዶ በቅርጹ ተማርኮ የሚገዛ አይጠፋም፤ ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ጅማ ገብቶ የመጀመሪያውን ሰርቪስ ሲፈልግ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ፣ እጅ ላይ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ስለዚህ ሞተሩን የሚያኖረውን ወይም የሚገድለውን ያንን ትንሽ የዘይት መላኪያ ዘዴ በደንብ ማወቅ ይጠቅማል።

ሮታሪ ሞተር ውስጥ ፒስተን የለም፤ ቢዬላና ቫልቮላም የለም። በምትኩ ሆዱ እንዳበጠ ሳምቡሳ ያለ ባለ ሦስት ጎን ብረት አለ፤ ሮተር ይባላል። ሮተሩ ወገቡ ላይ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ እየተንሻፈፈ ይዞራል፤ ሦስቱ ጫፎቹም ከግድግዳው አይለቁም። በእያንዳንዱ ጎንና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ሮተሩ ሲዞር እየሰፋና እየጠበበ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ይጨምቃል፣ ያቃጥላል፣ ጭሱን ያስወጣል። ሮተሩ አንዴ ዞሮ እስኪጨርስ መሃል ላይ ያለው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል።

ሐሳቡ የጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው፤ የመጀመሪያው ሞተር እ.ኤ.አ. በ1957 ኤንኤስዩ በሚባለው ፋብሪካ ተነሳ። ማዝዳ ፈቃዱን ወስዶ ከ1967 ጀምሮ መኪና ላይ ገጠመው። በ1991 ባለ አራት ሮተሩ ማዝዳ 787ቢ የሌማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ከ2003 እስከ 2012 የተመረተው አርኤክስ-8 ሁለት ሮተር ብቻ ያለው ባለ 1308 ሲሲ ሞተር ይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች በፍርክት ውስጥ ተቀምጠዋል። የአንዱ ርዝመት 80 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሁለቱ ሮተሮች ላይ በጠቅላላው ስድስት ናቸው። የፒስተን ፋሻ የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፦ የሚቃጠለው ጋዝ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያመልጥ ያሽጋሉ። ልዩነቱ ዘይት በሚያገኙበት መንገድ ላይ ነው። ተራ ሞተር ላይ ዘይት ከታች፣ ከኮሎው በኩል እየተረጨ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያርሳል፤ ፋሻው ሲወርድ ትርፉን ጠርጎ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓ፣ ይመልሰዋል። ሮታሪ ላይ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው። ሮተሩን ከውስጥ የሚያቀዘቅዘው ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እንዳያልፍ በጎን ቀለበቶች ታግዷል። አፔክስ ሲሎቹ በክሮም በተለበጠው ግድግዳ ላይ በደረቁ እንዳይሄዱ ዘይት ከሌላ በኩል ሊመጣላቸው ይገባል።

ይህን የሚያደርገው ዘይት መጣኙ ፓምፕ ነው። ከሞተሩ ፊት ለፊት በታች በኩል ተገጥሞ ከራሱ ከሞተሩ ዘይት ጥቂት እየቀነሰ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ኖዝሎች ይልካል፤ ኖዝሎቹ ደግሞ ወደ ሮተሩ ቤት ያንጠባጥቡታል። ዘይቱ ሲሎቹን አርሶ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በየወረዳው የግብርና ባለሙያ ሲነዳው የኖረውን ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ፈትቶ የሚያውቅ መካኒክ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም፤ እዚያም ፓምፕ ዘይት እየመጠነ ይልካል። ያማሃው ግን ለዚህ የተለየ ጋን አለው። ማዝዳው የሚቀዳው ሞተሩ ከሚንቀሳቀስበት ዘይት ላይ ነው። ስለዚህ መሙላት ከዘነጋችሁ ሲሎቹ ብቻ ሳይሆኑ የዘንጉ ኩሽኔታም ይጎዳል።

ከአርኤክስ-8 በፊት በነበሩት የማዝዳ ሮታሪዎች፣ በድሮዎቹ አርኤክስ-7ዎች ላይ፣ ፓምፑን የሚያዘው ከጋዝ ፔዳሉ ጋር የተያያዘ ዘንግ ነበር፤ ጋዝ በረገጣችሁ ቁጥር ዘይቱም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ1989 ወዲህ ባሉት ላይ ትእዛዙን የሚሰጠው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ ዙሩንና ጭነቱን አይቶ ፓምፑ ላይ ያለውን ትንሽ ስቴፐር ሞተር ይከፍታል ወይም ይዘጋል። አርኤክስ-8 መጀመሪያ ሲወጣ ለአንድ ሮተር ሁለት ኖዝል ነበረው። በ2009 ሞዴል ማዝዳ ፓምፑን በኤሌክትሪክ በሚሠራ ዓይነት ቀይሮ ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስተኛ ኖዝል ጨመረ። እንደኔ ይህ ብቻውን የመጀመሪያው አቅርቦት ጠበብ ያለ እንደነበር ይናገራል። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ ከ2004 እስከ 2008 ላሉት ሞዴሎች የሞተሩን ዋና አካል ዋስትና ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ማራዘሙም ይታወቃል። ስትገዙ የምርት ዓመቱን ተመልከቱ፤ ዕድል ከሰጣችሁ ባለ ስድስት ኖዝሉን ምረጡ።

የዘይቱ ልክና ዓይነት

ጤናማ አርኤክስ-8 እንደ አነዳዱ በግምት በየ2000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋል፤ ሞተሩን የሚያስጮህ ሰው ከዚያ ቀድሞ ይጨምራል። የዘይት ልክ ማየት ነዳጅ በተሞላ ቁጥር የሚደረግ ሥራ ነው። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ከፈረንጅ አራዳ ዳገት ላይ አቁሞ ማየት ራስን መሸወድ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ መለኪያውን መዛችሁ ጥረጉ፤ መልሳችሁ ከታችሁ አንብቡ። በሚወጣበት ጊዜ የቱቦውን ግድግዳ እየነካ ስለሚቀባ አንዱ ገጽ ሁልጊዜ የሞላ ይመስላል። ዝቅ ያለውን ገጽ እመኑ።

የጨመራችሁትን ዘይትና ኪሎ ሜትሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ከሦስት አራት ጭማሪ በኋላ የራሳችሁ መኪና ልማድ ምን እንደሆነ ይታወቃል። ልማዱ በድንገት ከቀነሰ ፓምፑን፣ ቱቦውን ወይም ኖዝሉን ጠርጥሩ። በድንገት ከጨመረ ደግሞ ከታች መፍሰሱን እዩ፤ በተለይ ከፊት ባምፐሩ ጥግ ያሉትን የዘይት ማቀዝቀዣዎች። ዝቅ ብለው ስለተቀመጡ ጠጠር ያገኛቸዋል።

እዚህ ጋራዥ ውስጥ የማይቀር ንግግር አለ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይመጣና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ዘይት መብላት ጀምሯል። አርባ ቁጥር እናድርግበት፣ ይቆማል» ይላል። ምክሩ ፋሻው ላላ ሞተር ለጊዜው ይሠራል። እዚህ ግን ፓምፑ የሚልከው በልክ ነው፤ ዘይቱ ስለወፈረ ያንሳል ማለት አይደለም። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በዚያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ለመሄድ ይሰንፋል፤ ትርፉ ይኸው ነው። ማዝዳ ለአርኤክስ-8 እንደየአገሩ 5ደብልዩ-20 ወይም 5ደብልዩ-30 ይላል፤ ጅማ ላይ 5ደብልዩ-30 ይበቃል። ዘይቱ ስለሚቃጠል ጥራቱ ከሌላው መኪና ይበልጥ ያሳስባል፤ ቆሻሻ ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ ሲሎቹ ፍርክት ውስጥ ይቀመጣል። ጣሳው ክዳኑ ላይ የተነካ ከመሰላችሁ አትግዙ። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ መቀየርንም አትሰስቱ። በየመሃሉ ብትጨምሩም ኮፓ ውስጥ የቀረው አሮጌ ነው፤ ሲሎቹም የሚቀቡት በዚያው ነው።

ቱቦና ኖዝል

ፓምፑ ራሱ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ከእሱ የሚወጡት የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። አዲስ ሲሆኑ ዘይቱ በውስጣቸው ይታያል። ከዓመታት የሞተር ሙቀት በኋላ ይበልዛሉ፣ ቀጥለው ቡናማ ይሆናሉ፣ ይደርቃሉ። የደረቀ ቱቦ ሲነካ ሳይታጠፍ ቀጭ ይላል። ሌላ ነገር ሲፈታ በክንድ ተነክቶ የሚሰበረውም ለዚህ ነው፤ መካኒኩ አያየውም፤ ሞተሩም ወዲያው ምንም አይልም። የሚያልቀው ቀስ ብሎ ነው።

ቱቦዎቹን ለማየት ባትሪ ያዙና ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ከጎን አብሩበት። ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ኖዝሉ ሲገፋ ይታያል፤ ጥቃቅን አረፋ አልፎ አልፎ ቢያልፍ አያስደነግጥም። ረጅም ባዶ ክፍተት ካያችሁ ግን አየር የሚገባበት ስንጥቅ ወይም የላላ ቡሎን አለ። አንዱ ቱቦ ቆሞ ሌሎቹ የሚሄዱ ከሆነ የዚያ ኖዝል አፍ ተደፍኗል ማለት ይቻላል። ቱቦውን ከኖዝሉ ነቅላችሁ ዘይት መምጣቱን ማየት ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጋኑ ውስጥ ባለው ቤንዚን ላይ የቱ ስትሮክ ዘይት (ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠለውን) ጨምሩ። አለዚያ ሞተሩን ለመመርመር ብላችሁ በደረቁ ታሠሩታላችሁ።

ቡሎኖቹ መሃላቸው ቀዳዳ ነው፤ ከላይና ከታች ቀጭን ማሸጊያ ሮንዴላ አላቸው። አሮጌውን ሮንዴላ ገልብጦ መልሶ ማሰር እዚህ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። አዲስ ቱቦ ከተገጠመ በኋላ ሳይሞላ ሞተር ማስነሳት ሌላው ጥፋት ነው። ፓምፑ በሚኒሞ የሚልከው በጣም ጥቂት ስለሆነ ባዶ ቱቦ እስኪሞላ ሲሎቹ ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ። ከፋርማሲ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ፤ ንጹሕ የሞተር ዘይት ሳቡና በአንዱ ጫፍ በቀስታ ሙሉት፤ በሌላው ጫፍ ጠብ ሲል እሰሩት።

ኖዝሉ ከሚያስቡት በላይ ብልሃት አለው። ሮተሩ አየር በሚስብበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ከፍተኛ ስበት ይፈጠራል፤ ይህ ስበት ቱቦውን እንዳለ ሊመጥጠውና ፓምፑ ከመጠነው በላይ ዘይት ሊወስድ ይችላል። ያን ለመከላከል እያንዳንዱ ኖዝል ከተጣራ አየር መስመር ጋር በሁለተኛ ቀጭን ጎማ ተያይዟል፤ ስበቱ ዘይቱን ትቶ አየሩን ይወስዳል። የሚቃጠለው ጋዝ ተመልሶ እንዳይወጣ ደግሞ ውስጡ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። የአየር ጎማው ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ቢቀር መኪናው ይሄዳል፤ ነገር ግን በበጋ የጠጠር መንገድ አቧራ ሳይጣራ በቀጥታ ሲሎቹ ላይ ይደርሳል። ኮፈን በከፈታችሁ ቁጥር ጎማዎቹ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን በጣታችሁ ዳብሱ።

ኖዝል ሲፈታ ጫፉ ላይ ጥቁር ካርቦን ይገኛል። በካርቡራተር ማጽጃ ነክሮ ማቆየትና በአየር መንፋት ይበቃል። ሽቦ አታስገቡበት፤ ቀዳዳው ልኩን ያጣል። ጸድቶ ሲደርቅ በአፍ ሞክሩት፤ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ትንፋሽ ማሳለፍ፣ በተቃራኒው ደግሞ መዝጋት አለበት። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ወይም በሁለቱም ከዘጋ ይቀየር።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ፓምፑ ላይ ያለው ሶኬት ከታች ስለሆነ ለውሃ የተጋለጠ ነው። ጅማ ደግሞ ጭቃው ብዙ ነው፤ ላቫጆ የገባ መኪና ሁሉ ሞተሩም በግፊት ውሃ እንዲታጠብ ይጠየቃል። የሮታሪ ባለቤት «ኮፈኑን አትክፈት» ብሎ አጠገቡ ይቁም። ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ከገባ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ መኪናውም ጉልበቱን ይቀንሳል። በኮድ ማንበቢያ ሲታይ በአርኤክስ-8 ላይ ከፒ1686 እስከ ፒ1688 ያሉት የዚህ ፓምፕ ናቸው። እነዚህን አጥፍቶ መንዳት አይቻልም። ኮዱ ቢጠፋም ዘይቱ አልመጣም።

ቤንዚን ላይ ዘይት መጨመር

ብዙ የሮታሪ ባለቤቶች ፓምፑ እየሠራም ቢሆን ቤንዚኑ ላይ ጥቂት የቱ ስትሮክ ዘይት ይጨምራሉ። እኔም እደግፈዋለሁ፤ በተለይ ባለ አራት ኖዝሉ ላይ። ለ200 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ ዘይት በቂ ነው፤ በሊትር 5 ሚሊ ሊትር ይመጣል። 40 ሊትር የሚሞላ ሰው 200 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። ዘይቱን መጀመሪያ፣ ቤንዚኑን ቀጥሎ አስገቡ፤ ቤንዚኑ ሲወርድ ራሱ ያማታዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤፍዲ ወይም ኤፍሲ የሚል የጥራት ደረጃ ፈልጉ፤ ጭሱ ጥቂት ነው። የእንጨት መቁረጫ ሞተር ዘይት ብሎ ከርካሽ በርሜል የሚቀዳውን ተዉት። ከልኩ ማብዛትም ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ይጎዳል እንጂ ሞተሩን አይጠቅምም።

ከዚህ ተነስቶ፣ «እንግዲያው ፓምፑን እንዝጋውና ሁሉን በእጅ እንቀላቅል» የሚል አለ። ለውድድር መኪና ያደርጉታል። ለጅማ መንገድ ግን አልመክርም፤ ምክንያቱ ደግሞ የጊቤ ቁልቁለት ነው። ከወልቂጤ አልፋችሁ ወደ ጊቤ ወንዝ ስትወርዱ፣ ወይም ከጅማ ተነስታችሁ ከሳጃ በኋላ ቁልቁል ስትጀምሩ፣ ማርሽ ቀንሳችሁ ጋዙን ትለቃላችሁ፤ ሞተሩ ይይዛችኋል። በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይቆርጣል። ሮተሩ ግን በከፍተኛ ዙር መዞሩን አላቆመም፤ ሲሎቹም ግድግዳውን እየፋቁ ነው። ዘይታችሁ በቤንዚኑ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቤንዚኑ ሲቆረጥ ዘይቱም ተቆረጠ። ፓምፑ ካለ ግን፣ መጠኑ ቢያንስም፣ መላኩን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ሰው ይረሳል፤ ቤንዚን ጠፍቶ በጄሪካን የተገኘ ቀን ደግሞ ልክ ማን ይለካል?

ከተማ ውስጥ ብቻ የሚንፏቀቅ መኪናም ሌላ ችግር አለው። ዙሩ ከሦስት ሺህ አልፎ አያውቅም፤ የተቃጠለው ዘይት ካርቦን ሆኖ ሲሎቹን ፍርክት ውስጥ ያጣብቃል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሰርቦ መንገድ ላይ ወጣ ብሎ ዙሩን ከፍ ማድረግ ይህን ያራግፋል። ሳይሞቅ ግን አታስጩኹት። ቀዝቃዛ ሞተር አስነስቶ መኪናውን ሁለት ሜትር አንቀሳቅሶ ማጥፋትም ክልክል ነው፤ ክፍሎቹ በቤንዚን ይሞላሉ፣ በግድግዳው ላይ ያለው ዘይት ይታጠባል፣ ቀጥሎ አልነሳም ይላል። እንዲህ ከሆነ ጋዙን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ሞተሪኖውን ጥቂት ሰከንድ አዙሩ፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን መላኩን ያቆምና ትርፉ ይወጣል።

ሲሎቹ እስካሁን የደረሰባቸውን የሚናገረው የኮምፕረሽን፣ ማለትም ክፍሎቹ ሲጨምቁ የሚፈጥሩት ግፊት፣ ልኬት ነው። ሞቆ ሲጠፋ ለመነሳት የሚያስቸግር ሮታሪ ይህን ልኬት እየጠየቀ ነው። ጋራዥ ሁሉ ያለው ተራ መለኪያ ከሦስቱ ክፍሎች ትልቁን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ አንዱ ሲል ቢሞትም ደህና ነው ይላችኋል። የሮታሪ መለኪያ ካልተገኘ ከተራው ላይ ግፊቱን የሚይዘውን ትንሽ ቫልቭ አውጡ። ካንዴላው ቦታ ገጥማችሁ ሞተሪኖውን ስታዞሩ መርፌው ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይዘላል፤ በስልክ በዝግታ ቅረጹት። ሦስቱ ዝላዮች እኩል ከሆኑ ጥሩ ነው። ሁለቱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ የሮተሩን ጎን የሚያሽገው ሲል፣ ሁለቱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ካለ ደግሞ አፔክስ ሲል ተጎድቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

ማዝዳ ለአርኤክስ-8 ዝቅተኛ የሚለው በ250 ዙር 680 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በአንድ ሮተር ክፍሎች መካከል ያለው ልዩነትም ከ150 መብለጥ የለበትም። ይህ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ንባቡም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ የተለካ 600 ብቻውን ሞተሩን አያስኮንነውም፤ በከፍታው ሲታረም ከልኩ በላይ ነው። ባትሪው ደክሞ ሞተሪኖው በዝግታ ቢያዞረውም ንባቡ ይቀንሳል፤ ከመለካታችሁ በፊት ባትሪውን ሙሉት። ታርሞም ከልኩ በታች የወጣ ሞተር ግን መውረድ አለበት፤ አዲስ ፓምፕና አዲስ ኖዝል ያለቀ ሲል አይመልሱም።